በባምቢስ በኩል ወደ ሰሜን ዋልታ

እናቴ ወይዘሮ ትበርህ የድንኳንና የዲኮር ኪራይ ቤት አላት። ድሮ ሱቋ ካዛንቺስ ነበር፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ድንኳኗን ጠቅልላ፣ ወንበሯን ጭና ወደ ባምቢስ መጣች። ለሠርግ መድረክና ጨርቅ፣ ለለቅሶ ድንኳንና ፍራሽ ታከራያለች። አባቴ የሞተው እኔ ገና ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ የሌላ ሰው ደስታና የሌላ ሰው ሐዘን ስታስተናግድ ኖረች፤ የራሷ የምትለው ነገር ሲኖራት አላየሁም። ቁም ነገረኛ ሴት ናት። ስትስቅ እንኳን አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና፣ በአጭሩ ነበር።

እኔ ልጇ መርሃዊት ነኝ። ደምበል አጠገብ ባለ የጉዞ ወኪል ቢሮ ቲኬት እቆርጣለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ እናቴን አግዛለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁን አብዛኛውን በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገሩ የጀመረው ሲፋን በምትባል ሙሽራ ነው። ኅዳር ላይ ስልኳን ይዛ መጣችና አንድ ፎቶ አሳየችን። አዳራሽ ነው፤ ወለሉም፣ ጣሪያውም፣ ወንበሩም ነጭ።

"እትዬ ትበርህ፣ እኔ በረዶ ነው የምፈልገው" አለች። "ማለቴ፣ ጥር ላይ ሁሉም ሰው ወርቃማ፣ ሁሉም ሰው ሮዝ። ሰልችቶኛል። የኔ እንግዳ በሩን ከፍቶ ሲገባ ሰሜን ዋልታ የደረሰ ነው መምሰል ያለበት።"

"በረዶ ይደረግልሻል፣ የኔ ልጅ" አለቻት እናቴ። ደንበኛ የጠየቃትን አይሆንም ብላ አታውቅም። ሲፋን ስትወጣ ግን ወደ እኔ ዞረች።

"መሬት ላይ የተኛ በረዶ ምን ይመስላል?"

"ነጭ ነው፣ እማዬ።"

"ነጭማ አንሶላም ነጭ ነው።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስመጣ የመጋዘኑ ወለል በሙሉ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። እናቴ መሃሉ ላይ ቆማ ትተክዛለች። የተዘረጋ ጨርቅ እንጂ ሌላ ምንም አይመስልም ነበር። አቶ ገለታ በር ላይ ብቅ ያሉት ያኔ ነው።

ረዥም፣ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ስድሳ አልፏቸዋል፣ ክራባት አስረዋል። ከአየር መንገድ ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን ቆርቆሮ ሠራተኛ መሆናቸውን በኋላ ነው ያወቅነው። ነጩን ጨርቅ አይተው ደፉ ላይ ቆሙ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁና በካልሲ ገቡ። እናቴ ያንን አየች። መጋዘናችን ውስጥ ጨርቋን አክብሮ ጫማውን ያወለቀ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

"ቀለል ያለ፣ ነፋስ የማያሳልፍ ጨርቅ ፈልጌ ነበር" አሉ።

"ለምን ይሆን?"

"ለአየር መርከብ።" አንድ ሰው ለመጋረጃ እንደሚል ነው ያሉት። ከዚያ ወደ ወለሉ እያዩ፣ "ይሄ በረዶ ነው እንዴ?" ብለው ጠየቁ።

"እንዲመስል እየሞከርን ነው" አለች እናቴ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አይመስልም።" ትንሽ አፈሩ፤ ግን አላቆሙም። "የዋልታ በረዶ እንዲህ ለጥ ያለ አይደለም። ከሥሩ ባሕር ስላለ ይሰነጠቃል፤ ይጋጫል፤ ተጋጭቶ ሽቅብ ይቆለላል። ስንጥቁ ውስጥ ጥቁር ውሃ ይታያል። ጥላው ደግሞ ሰማያዊ ነው።"

"አይተውታል?"

"አላየሁም። ግን ከወጣትነቴ ጀምሮ ሳስበው ኖሬያለሁ።"

እናቴ እጇን ወደ ጨርቁ ዘረጋችና "እስቲ ያሳዩኝ" አለች።

አቶ ገለታ ኮታቸውን አውልቀው በወንበር ሥር ወንበር፣ በጠረጴዛ ላይ ጠረጴዛ እየገለበጡ ጨርቁን ከላይ ጣል ጣል አደረጉ። ለለቅሶ ድንኳን የምንጠቀመውን ጥቁር ሸራ በመሃል በመሃል አስገቡ። ሰማያዊ ሻሽ መሳይ ጨርቅ ከሥር አሳለፉ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ባምቢስ ያለው መጋዘናችን የማላውቀው አገር ሆነ። ሲያዩት ይበርዳል። እናቴ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ አየችና ሳቀች። ነጠላዋን አልፈለገችም፤ ዝም ብላ፣ ጥርሷን አሳይታ ሳቀች። እኔ ያንን ሳቅ አላውቀውም ነበር።

"እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሰው ምን ሊሠራ ይሄዳል?" አለች።

አቶ ገለታ አንድ የተገለበጠ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡና ነገሩን። በእኛ አቆጣጠር በ1918 ግንቦት ላይ ነው። አሥራ ስድስት ሰዎችና አንዲት ትንሽ ውሻ፣ ከመቶ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ በጋዝ ተሞልቶ እንደ ፊኛ የሚንሳፈፍ የአየር መርከብ ላይ ተሳፍረው ከአውሮፓ ጫፍ ተነሡ፤ በሰሜን ዋልታ ላይ አልፈው፣ ሦስት ቀን ያህል በርረው አላስካ ወረዱ። የሚቀመጡበት ክፍል ጠባብ ስለነበር አብዛኞቹ ቆመው ነበር። ዋልታው ላይ ሲደርሱ ዝቅ ብለው በመስኮት ባንዲራ ጣሉ። ከዚያ ጉም መጣ፤ መርከቡ ላይ በረዶ እየጋገረ ወደ ፕሮፔለሮቹ ገባ፤ ፕሮፔለሮቹም በረዶውን እንደ ጥይት እየወረወሩ ሸራውን ይበሱት ጀመር።

"ታዲያ በምን ሰፉት?" አለች እናቴ።

አቶ ገለታ ቀና አሉ። ይህን ታሪክ ስንት ሰው ነግረው እንደሆነ እንጃ፤ ያንን የጠየቃቸው ሰው ግን የነበረ አይመስለኝም።

"ለጥፈውበት ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ጨርቅ በማጣበቂያ። እየበረሩ።"

"በዚያ ብርድ ማጣበቂያው ያዘላቸው?"

"ያዘላቸው።"

"ጥሩ ማጣበቂያ ነበር" አለች እናቴ፤ ቡና ልታፈላ ሳይሆን ሜትሯን ልታመጣ ሄደች።

በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ገለታ በየቀኑ መጡ። ስምምነቱ ግልጽ ነበር፤ እሳቸው ለሲፋን ሠርግ በረዶ ይሠራሉ፣ እናቴ ደግሞ የአየር መርከባቸውን ልብስ ትሰፋለች። መርከቡ ሰው የሚጭን አይደለም፤ አንድ ሚኒባስ የሚያህል፣ በፊኛ ጋዝ የሚንሳፈፍ፣ ከመጫወቻ ሄሊኮፕተር በወጡ ትንንሽ ሞተሮች የሚሄድ፣ በሪሞት የሚነዳ ነው። አዳራሽ ውስጥ ብቻ እንዲበር ታስቦ።

የመጀመሪያውን በነጭ ሳቲን ሰፋችው። እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ጋዙን ሞሉት፤ ተነፋ፣ ተወጠረ፣ አበራ፤ ወለሉ ላይ ግን እንደ ተኛ ቀረ። አቶ ገለታ ወዲህ ዞሩ፣ ወዲያ ዞሩ፣ ከሥሩ እጃቸውን አስገብተው እንደ ሕፃን ብድግ ሊያደርጉት ሞከሩ።

"ሳቲኑ ከበደ" አሉ። "ደግሞ አዲስ አበባ ከፍታዋ ብዙ ነው፤ አየሯ ስስ ነው። እንደ ባሕር ዳርቻ አየር አይሸከምም።"

እናቴ በሥራዋ ተከፍታ ታለቅስ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን መርከቡን በእግሯ ጫፍ ነካ አደረገችና "ጠግቦ የተኛ በሬ" አለች። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። በጣም ስለሳቁ የጎረቤት ፋርማሲስት መጥቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ።

ሁለተኛው ከሳቲን ሳይሆን ስስ ከሆነ ላስቲክ ተሠራ፤ አቶ ገለታ ከመርካቶ ጥቅል ሙሉ ተሸክመው አመጡ። ላስቲክ በመርፌ ስለማይሰፋ እናቴ ከላይ ወረቀት እያደረገች በካውያ አተመችው። መስመሩ አልቆ የመጨረሻዋ ስፌት ስትቀር መብራት ጠፋ። እናቴ ካውያው ሳይቀዘቅዝ ብላ ተቻኩላ ጨረሰችው። በማግስቱ ጋዝ ሲሞሉት መርከቡ ማንም ሳይነካው ከወለሉ ተነሣ፤ ቀስ እያለ ሽቅብ ሄዶ ከመጋዘኑ ጣሪያ ሥር ቆመ።

ያን ቀን እኔ ምሳ ገዝቼ ስመለስ እናቴና አቶ ገለታ የሉም። ስማቸውን ስጠራ ከላይ መልስ መጣ። የለቅሶ ፍራሽ ክምር ላይ ወጥተው፣ እሷ በአንዱ ክምር እሳቸው በሌላው፣ በጀርባቸው ተኝተው መርከቡን ያያሉ።

"እማዬ፣ ምሳ።"

"ቆይ" አለች። "አቶ ገለታ ስለ ሁለተኛው መርከብ እየነገሩኝ ነው።"

ሁለተኛው መርከብ የአላስካው ከበረረ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ዋልታው ሄዶ በመመለሻው የወደቀው ነው። አቶ ገለታ ሐዘን ስላለበት እስከዚያ ቀን ሳይነግሯት ቆይተው ነበር። አንዳንዶቹ ሞቱ፤ የተረፉት በረዶ ላይ አንዲት ትንሽ ድንኳን ተከሉ። ድንኳኗ ከሩቅ እንድትታይ ቀይ ቀለም ቀቧት። ሳምንታት እዚያ ውስጥ ተጣብበው፣ በሬዲዮ እየተጣሩ ቆዩ፤ በመጨረሻ አንድ ሩቅ መንደር ያለ ሰው ሬዲዮውን ሲጎረጉር ሰማቸው።

"ድንኳን ነው ያተረፋቸው ማለት ነው" አለች እናቴ ወደ ጣሪያው።

"ድንኳን ነው" አሉ አቶ ገለታ።

"ውሻዋስ? የመጀመሪያዋ ውሻ?"

"ሁለተኛውም ላይ ነበረች። ተረፈች።"

እናቴ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰች። በማግስቱ ከጥጥና ከቁርጥራጭ ጨርቅ አንዲት ትንሽ ውሻ ሰፍታ አመጣች፤ መርከቡ ሥር ካለው ቅርጫት ውስጥ አስቀመጠቻት።

ሲፋን ለመጨረሻ ጊዜ ዲኮሩን ልታይ ስትመጣ መርከቡን አየችና ጮኸች። አስደንግጧት መስሎኝ ነበር። "ይሄም የኔ ነው? ይሄም ሠርጌ ላይ አለ?" ትላለች። እናቴ አቶ ገለታን አየቻቸው፤ አቶ ገለታ መሬት መሬት አዩ፤ ደስታቸውን የሚያደርጉበት ጠፍቷቸው ክራባታቸውን አስተካከሉ። ሙሽሮቹ ሲገቡ መርከቡ በአዳራሹ ላይ እንዲበርና ከቅርጫቱ የጽጌረዳ ቅጠል እንዲበትን ተወሰነ። ሙሽራው ዋቅቶላ ብቻ ነው ትንሽ የተጠራጠረው። "አይፈነዳም?" ብሎ ሁለቴ ጠየቀ። አይፈነዳም፤ የሞላንበት የፊኛ ጋዝ ሂሊየም ነው፣ አይቀጣጠልም።

የሠርጉ ቀን እሑድ ነበር፣ ጥር ላይ፣ ከሰዓት በኋላ። ካዛንቺስ ውስጥ ከፈረሳው የተረፈው የሠርጉ አዳራሽ በር ሲከፈት እንግዳው ሁሉ ደፉ ላይ ቆሞ ይቀር ነበር። አቶ ገለታ የሠሩት የበረዶ ክምር በጠረጴዛዎቹ መካከል ሽቅብ ይወጣል፤ ስንጥቁ ይጠቁራል፤ ጥላው ሰማያዊ ነው። አንዲት የገጠር አክስት ነጠላዋን አጥብቃ ለበሰች። እናቴ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ሽቶ ተቀብታ ከመድረኩ ጀርባ ቆማለች። ሽቶ። አቶ ገለታ ሪሞቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አጠገቧ ናቸው። እኔ የመርከቡን ሪባን ይዣለሁ።

ሙዚቃው ጀመረ። ሚዜዎቹ እየጨፈሩ ገቡ፤ ሲፋንና ዋቅቶላ በሩ ላይ ብቅ አሉ። አቶ ገለታ ራሳቸውን ነቀነቁልኝና ሪባኑን ለቀቅሁ።

መርከቡ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥቶ በበረዶው ላይ መብረር ሲጀምር አዳራሹ ሁሉ አንጋጠጠ። ሙዚቃው እየተጫወተ ነው፤ ሚዜዎቹ ግን ጭፈራቸውን አቆሙ። ጥላው በነጩ ላይ ይሄዳል። እናቴ የአቶ ገለታን ክንድ ይዛ ነበር፤ መያዟን ያወቀች አይመስለኝም።

ችግሩ የመጣው ከወጥ ቤቱ ነው። መርከቡ የአዳራሹ መሃል ላይ ሲደርስ አስተናጋጆቹ ትሪ ሊያስገቡ የኋላውን በር ከፈቱ። የፊቱ በር ለሙሽሮቹ ተበርግዷል። የጥር ነፋስ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ወጣ፤ መርከቡም አብሮት ሄደ። አቶ ገለታ ሪሞቱን ተጫኑ፣ ወዲያ አዞሩ፣ ወዲህ አዞሩ፤ ትንንሾቹ ሞተሮች እንደ ትንኝ ጮኹ እንጂ ምንም አላመጡም። መርከቡ በሙሽሮቹ ራስ ላይ፣ ከቬሏ በላይ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ በሩን አልፎ ወደ ካዛንቺስ ሰማይ ወጣ። ሲፋን አንገቷን አቅንታ አየችውና መሳቅ ጀመረች።

አቶ ገለታ ደርቀው ቀሩ። ባዶ በር እያዩ ሪሞቱን ይጫናሉ።

"ገለታ" አለች እናቴ። "ምን ቆመህ ታያለህ፣ ሩጥ እንጂ።"

እዚህ ላይ ትንሽ ማቆም አለብኝ። ከኅዳር እስከ ጥር እናቴ ለዚህ ሰው ከእርስዎ ወርዳ አታውቅም። ፍራሽ ክምር ላይ ተኝተው እንኳን "እርስዎ፣ አቶ ገለታ" ነበር። አሁን በሁለት መቶ እንግዳ ፊት "ገለታ፣ ሩጥ" አለችው። እሱም፣ እኔም ከአሁን በኋላ እሱ ልበለው፣ ፊቱ እንደ መብራት በራና ሮጠ። እናቴ ተከተለችው። እኔም እናቴን።

ውጭ ሉሊ ነበረች። ሉሊ የሠርጉ ቪዲዮ ባለሙያ ናት፤ አጀቡን የምትቀርጸው ፒክአፕ ጀርባ ላይ ቆማ ነው። መርከቡን አይታ ካሜራዋን ሽቅብ አንሥታለች። "ውጡ፣ ውጡ" አለችን እጇን እየዘረጋች፤ ሾፌሯ እንዲነሣም የመኪናውን ጣሪያ ደበደበች። እናቴ አዲሱን ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ፒክአፑ ላይ ስትወጣ አየሁ። በሕይወቴ ጉልበቷን ያየሁት ያን ቀን ነው።

መርከቡ ከመንገዱ በላይ፣ ከመብራት ምሰሶዎቹ ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። እኛ ከሥሩ። አጀቡ ውስጥ የነበሩ መኪኖች የፕሮግራሙ አካል መስሏቸው ክላክስ እያሰሙ ተከተሉን። መንገደኛው ቆሞ ስልክ ያወጣል። አንዲት የመንገድ ጠራጊ መጥረጊያዋን እንደ ዘንግ ይዛ አየችን። መብራት ላይ ስንቆም አጠገባችን የቆመ የሚኒባስ ረዳት በበሩ አንገቱን አውጥቶ፣ መርከቡን አይቶ፣ እኛን አይቶ፣

"ወዴት ነው?" አለ።

"ወደ ሰሜን ዋልታ" አለ ገለታ። ቀልድ አልነበረም፤ የመጣለትን ነው የመለሰው።

ረዳቱ ትንሽ አሰበ። "በባምቢስ ነው በኢሲኤ?"

"በባምቢስ" አለች እናቴ።

"ግቡ ታዲያ፣ የሁለት ሰው ቦታ አለኝ" አለ፤ ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። መብራቱ ለቀቀ።

ባምቢስ ጋ ስንደርስ የፋርማሲው ሰውዬ በር ላይ ቆሞ ነበር። እናቴ እጇን አውለበለበችለት፤ እሱም በነጭ ጋዋኑ፣ ምንም የተለየ ነገር እንደሌለ፣ መልሶ አውለበለበ። እኔ ከሳቅ ብዛት የፒክአፑን ብረት ይዤ ነው የቆምኩት። ሉሊ "አትሳቂ፣ ካሜራው ይነቃነቃል" ትለኛለች፣ እሷ ራሷ እንባዋ እየወረደ።

"ዝቅ እያለ ነው" አለ ገለታ። እውነትም መርከቡ ትንሽ ተጨማደደ።

"በግራ በኩል ናት" አለች እናቴ። "መብራት ሲጠፋ የጨረስኳት ስፌት። ካውያው ቀዝቅዞ ነበር፤ አውቄያታለሁ።"

"ጥሩ አደረግሽ" አለ ገለታ። "ያቺ ስፌት ባትኖር ጅማ ነበር የሚወርደው።"

እናቴ ተንፈቅፍቃ ሳቀች።

መስቀል አደባባይ ስንደርስ ግን ሳቃችን ቆመ። መርከቡ በቀጥታ ወደ ባቡሩ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይሄድ ነበር። ገለታ ፒክአፑ ላይ ተንጠራርቶ ሪሞቱን ተጫነ። እናቴ እንዳይወድቅ የኮቱን ጀርባ በሁለት እጇ ይዛለች። "ሽቅብ፣ ሽቅብ" ትላለች በትንሽ ድምፅ። ገለታ ያገኘውን ቁልፍ ሁሉ ተጫነ። ከነዚህ አንዱ የቅርጫቱ ነበር፤ ተከፈተና የጽጌረዳ ቅጠሉ ሁሉ በአንዴ ረገፈ፤ በስኬቲንግ ጫማ በሚንሸራተቱት ልጆች ላይ፣ ስፖርት በሚሠሩት ላይ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ከሚያወሩ ሁለት ፍቅረኞች ላይ። ቅጠሉ ሲወርድ መርከቡ ቀለለ። ብድግ አለ። ከሽቦው በላይ አለፈ፤ ባቡሩ ውስጥ ያሉት ሰዎች በመስኮት ተንጋግተው አዩት።

ከዚያ ነፋሱ ደከመ። መርከቡ ሰፊውን አደባባይ እንደ ሽማግሌ ተራምዶ አቋረጠና አፍንጫውን ደረጃው ላይ አሳርፎ ቆመ። አንድ ሰው አጨበጨበ። ቀጥሎ ደረጃው በሙሉ አጨበጨበ። የበረሩት እነሱ ይመስል ሩጫ የሚለማመዱ ልጆች እየተቃቀፉ ነበር።

አንድ ወጣት ጥበቃ መጣ። "የማን ነው ይሄ?"

"የእኛ ነው" አለች እናቴ።

"ፈቃድ አለው?"

"እዚህ ለመምጣት አላሰበም ነበር" አለ ገለታ።

ጥበቃው ከንፈሩን ነክሶ ሬዲዮውን አነሣና ለአለቃው አስረዳ። አለቃው በሬዲዮ "ውስጡ ሰው አለ?" ሲል ሁላችንም ሰማን።

ጥበቃው ቅርጫቱን ተመለከተ። "ሰው የለም። ውሻ አለች።"

"ምን?"

"የጥጥ ናት፣ ጌታዬ።"

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። በመጨረሻ፣ "አስተንፍሱትና ይውሰዱት። ሁለተኛ ከቤት እንዳይወጣ" አለ።

የጋዙን መግቢያ ገለታ አጥብቆ ስላሰረው በጣት አልፈታ አለ። እናቴ ክር በጥርሷ መበጠስ የለመደች ናት፤ ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን በጥርሷ ያዘችና ጎተተች። ጋዙ ፊቷ ላይ ተለቀቀ። ቀና ብላ "ተፈታ" ስትል የወጣው ድምፅ የእሷ አልነበረም፤ ጋዙ አቅጥኖት የጫጩት ድምፅ ሆኖ ነበር። እናቴ በራሷ ድምፅ ደንግጣ አፏን ያዘች። ገለታ እሷን ለማረጋጋት ይሁን ለሌላ፣ እሱም ጎንበስ ብሎ ከጋዙ ሳበና "አትደንግጪ ትበርህ፣ ያልፋል" አላት፣ በዚያው በጫጩት ድምፅ። ጥበቃው ባርኔጣውን አውልቆ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ማንም ለጥቂት ጊዜ ደህና አድርጎ መናገር አልቻለም።

አዳራሹ ስንመለስ ኬክ እየተቆረጠ ነበር። ሲፋን አልተቆጣችም። ሉሊ የቀረጸችውን ወዲያው በትልቁ ስክሪን ላይ አሳየች፤ እንግዳው ደግሞ ደጋግሞ አስደገመ። ዋቅቶላ ገለታን አቅፎ "አልፈነዳም" አለው። የሙሽሮቹ አባቶች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሲጨፍሩ እናቴና ገለታ ከበረዶው ክምር ጀርባ ቆመው ስለሚቀጥለው ስፌት ይከራከሩ ነበር።

የካቲት አጋማሽ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እናቴ መጋዘን ውስጥ ድንኳን ስታጥፍ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ሱቁ ገቡ። ሦስቱም ሱፍ ለብሰዋል፤ አንዱ ኮቱ ላይ የአየር መንገድ ምልክት ሰክቷል። ወንበር አቀረብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

"እናቴን ፈልጋችሁ ነው? ልጥራት?"

"አይደለም ልጄ" አሉ አንጋፋው። "ከአንቺ ጋር ነው ጉዳያችን። የመጣንበት ሳይፈቀድልን አንቀመጥም።"

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ሌላ ቤተሰብ ስለሌላት እናቴን የሚጠይቁት ከእኔ ነው። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እኔን ራሴን እንኳን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሳቄ ሲመጣ ጉንጬን ከውስጥ ነክሼ፣ ወገቤን አቅንቼ ቆምኩ።

"ልጃችን ገለታ" ብለው ጀመሩ አንጋፋው፤ እሳቸው ከገለታ ቢበዛ በሦስት ዓመት ነው የሚበልጡት፤ "ጨዋ ልጅ ነው። አብረን ስለሠራን እናውቀዋለን። እናትሽን ወይዘሮ ትበርህን ለትዳር ይፈልጋል።"

"ልጁ ምን ይሠራል?" አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "ጡረታ ወጥቷል" አሉ አንደኛው።

"ይጠጣል?"

"በበዓል አንድ ቢራ።"

"ሌላ የምትነግሩኝ ጠባይ የለውም?"

"የአየር መርከብ ይሠራል" አሉ ሦስተኛው፤ አንዳንድ ጉድለት አይደበቅም በሚል ድምፅ።

"እሺ አባቶቼ" አልኩ፤ እንዲህ ሲባል ሰምቼ ስለማውቅ። "ክብር ይስጥልን። ከቤተሰብ ተማክረን፣ በሁለት ሳምንት መልሳችንን..."

"መርሃዊት" የሚል ድምፅ ከመጋዘኑ፣ ከድንኳኖቹ መሃል መጣ። "ከማን ጋር ነው የምትማከሪው?"

ሽማግሌዎቹ ሁሉም ወደ መሬት አዩ። አንደኛው ሳል መጣባቸው።

"እማዬ፣ ወግ ነው።"

"ወጉን አውቀዋለሁ። ሰዎቹ ቆመዋል። እሺ በያቸው።"

እሺ አልኳቸው። እነሱም ተቀመጡ።